መኮሮኒ በሊማሊሞ አናት
የአንድ የቤተሰብ ገበታ ታሪክ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደባርቅ ሲደርስ አስቀድሞ የሚቀበለው ብርዱ ነው። በ2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ የስሜን ተራራዎች ደጅ ናት። ከዚያ ወዲያ አንዱ መንገድ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይና ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ሌላው በተራራው ጫንቃ ላይ እየተጎተተ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን ያመራል። በገበያ ቀን ከደባርቅ ሱቆች ወጥቶ በመኪናና በአጋሰስ ጀርባ ወደዚያ ከሚጓዘው ዕቃ መካከል፣ ከጨው፣ ከዘይትና ከሳሙና ጋር አንድ በላስቲክ የታሸገ ምግብ አለ፤ መኮሮኒ።

መኮሮኒ ዛሬ ለሀገሬው እንግዳ አይደለም። በጾም ቀን በዘይት፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ይሠራል። በፍስክ ቀን ደግሞ ቅቤ የሚነካው፣ ወተትና አይብ ያለው ቤትም ከሆነ አይብ የሚጨመርበት ምግብ ነው። እንጀራ ያልተጋገረ እንደሆነ ለልጆች ቶሎ የሚደርስ፣ አንድ ድስት ሙሉ ቤተሰብ የሚያጠግብ በመሆኑ እናቶች ይወዱታል። ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ፈጣንና አንድ ዓይነት ነው፤ «ጣልያን ያመጣው ነው» ይባላል።

መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ቅርጹን ወራሪ በሊማሊሞ በኩል አምጥቶት ይሆናል። እህሉን፣ ቅቤውን፣ አይቡንና ፈላ ውኃ ውስጥ የበሰለን እህል በቅቤ አሽቶ የማቅረቡን ጥበብ ግን ወራሪው እዚሁ አገኘው እንጂ አላመጣውም። ይህ ልዩነት ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ በገዛ ገበታው ላይ ያለውን የገዛ ሀብቱን የሰው ነው ብሎ ሲያምን፣ ያን ሀብት ለመጠበቅ የሚያነሣሣው ምክንያት ይጠፋዋል።

ድንችና ደረስጌ

ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ወደ ስሜን ሲገባ መኮሮኒ የመጀመሪያው አይደለም። በጃናሞራ ምድር የሚገኘው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የታነጸው በ19ኛው ምእት ዓመት ስሜንንና ትግራይን ይገዙ በነበሩት በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ነው። በሕንፃው ሥራ ላይ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ተካፋይ እንደነበረ ይታወቃል። ውቤ ሊነግሡበት ያዘጋጁት ይህ ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል አድራጊው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑበት ሆነ።

ይኸው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ድንችን ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባ ይነገርለታል። ከአሜሪካ ምድር የተነሣው ድንች በጀርመናዊ እጅ መጥቶ በስሜን ደጋ ተተከለ፤ ገበሬው ኮተኮተው፤ በየወጡና በየንፍሮው ገባ። ዛሬ በደባርቅና በዳባት ገበያ ድንች የምትሸጥ ሴት የሰው አገር እህል ሸጥሁ አትልም። እንግዳ የነበረው ነገር በገበሬው ማረሻና በእናቶች ድስት አልፎ አገሬ ሆኗል። መኮሮኒ ግን እንደ ድንቹ በዘር መልክ አልመጣም። የመጣው በጦር ሠራዊት ስንቅነት ነው። ታሪኩ የተወሳሰበውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በካሚዮን የመጣ ስንቅ

የፋሺስት ጣልያን ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። በመጋቢት ወር የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው አኪሌ ስታራቼ የሚመራው ባለ ሞተር ጦር ጎንደር ገባ። ከዚያም ወራሪው ጎንደርን ከአሥመራ ጋር ለማገናኘት የስሜንን ገደል እየፈለጠ የሊማሊሞን መንገድ ሠራ። ጣልያናውያን ሠራተኞችና የአገሬው ልጆች ላባቸውን ባፈሰሱበት በዚህ መንገድ ላይ ዱቄት፣ ቆርቆሮ የታሸገ ቲማቲምና ፓስታ የጫኑ ካሚዮኖች ይወጡና ይወርዱ ጀመር።

የኪነ ጥበብ ሰዎች ሊያስታውሱት የሚገባ አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። በዚያ ጦርነት በፈቃዳቸው ከዘመቱት ጣልያናውያን አንዱ ባለቅኔው ፊሊፖ ቶማዞ ማሪኔቲ ነበር። የ«ፊውቱሪዝም» እንቅስቃሴ መሥራች የሆነው ይህ ሰው መኪናን፣ ፍጥነትንና ጦርነትን ሲያወድስ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 መጨረሻ ባወጣው የምግብ ማኒፌስቶ ደግሞ ፓስታ የጣልያንን ሕዝብ ከባድና ታካች፣ ተስፋ ቢስም ያደርገዋልና ከገበታ ይወገድ ብሎ ነበር። በገዛ አገሩ ማንም አልሰማውም። የዘመተበት ሠራዊት ራሱ ፓስታውን ጭኖ መጣ። ባለቅኔው ያወደሰው ጦርነት አምስት ዓመት ቆይቶ በሽንፈት አለቀ፤ የረገመው ምግብ ግን በወረረው አገር ውስጥ እስከ ዛሬ ይበላል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በአዲስ አበባ ከተሰቀለ በኋላ እንኳ በጎንደር ዙሪያ የነበረው በጄኔራል ጉሊየልሞ ናዚ የሚመራው ጦር እጁን አልሰጠም። ከምሽጎቹ ጠንካራው ከደባርቅ ብዙ ሳይርቅ በሊማሊሞ አናት ላይ የተመሸገው ወልከፊት ነበር። ያንን በር የያዘ ከአሥመራ የሚመጣውን መንገድ ይዘጋልና፣ ምሽጉ ለወራት ተከበበ። ከበባውን የያዙት የኢትዮጵያ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ነበሩ።

ምሽጉን የሚጠብቀው ወታደር ኑሮው በመንገዱ ላይ የተመሠረተ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ዱቄቱም ፓስታውም ቆመ። የአርበኛው ስንቅ ግን በሶና ቆሎ ነው። ገብሱ የሚበቅለው እዚያው በተራራው ወገብ ላይ ነው፤ የሚቆላውም የሚፈጨውም እዚያው በገበሬው ቤት ነው። የወልከፊት ጦር ስንቁ እየተመናመነ ሄዶ በ1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ ወታደሮቹን ይዞ እጁን ሰጠ። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። በሊማሊሞ አናት ላይ ከተዋጉት መካከል በሶ አንዱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወራሪው ሲወጣ ከኋላው መንገዱን፣ የጎንደርን ፒያሳ፣ እንዲሁም በአማርኛ ውስጥ የገቡ የማእድ ቤት ቃላትን ትቶ ሄደ፤ ፓስታ፣ ፉርኖ፣ ሳልሳ፣ ፎርማጆ። «ማኬሮኒ» የሚለው የጣልያን ቃልም በአገሬው አንደበት ተለዝቦ «መኮሮኒ» ሆነ። ቃሉ እንደተለወጠ ሁሉ ምግቡም ሊለወጥ ግድ ነበረ።

የገበሬው ስንዴ

መኮሮኒ የሚሠራበት ስንዴ ማንኛውም ስንዴ አይደለም። ዱረም የተባለው ፍሬው ጠንካራ የሆነ ስንዴ ነው። ይህ ስንዴ ሲፈጭ ዱቄቱ ሸካራና ወደ ብጫነት የሚያደላ ይሆናል፤ ሊጡም ተጨምቆ ቅርጽ ከያዘና ከደረቀ በኋላ በፈላ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ለዳቦ የሚመረጠው ለስላሳው ስንዴ ይህን ያህል አይጸናም። የፓስታ ምስጢር እንግዲህ ከማሽኑ በፊት በእህሉ ውስጥ ነው።

እህሉም በኢትዮጵያ ደጋ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲዘራ የኖረ ነው። በ1919 ዓ.ም. ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፣ በቅሎና አጋሰስ አስጭኖ የእህል ዘር እየሰበሰበ በጎንደርና በአክሱም በኩል እስከ አሥመራ ተጓዘ። ጠንካራውን ስንዴ ነጭና ቀይ፣ ጥቁርና ወይን ጠጅ ሆኖ በአንድ ማሳ ላይ ተቀላቅሎ ሲያየው ተደነቀ፤ ጢም የሌለውን ዱረም ስንዴም አገኘ። ከዚህም የተነሣ ኢትዮጵያን በዓለም ላይ የሰብል ብዝኀነት ማእከላት ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ አድርጎ መዘገባት። የዱረም ስንዴ የመጀመሪያ መገኛ በምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን በኩል እንደሆነ የዛሬ ምርምር ቢያመለክትም፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ለዘመናት እየመረጠና እያዳቀለ ያፈራው ዝርያ በሌላ አገር የማይገኝ ለመሆኑ ክርክር የለም። ይህን ሁሉ ዘር ለሰው ልጅ ምግብ ብሎ የሰበሰበው ቫቪሎቭ በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ሞተ።

ልብ ሊባል የሚገባው የዘመኑ ቅደም ተከተል ነው። ቫቪሎቭ የመኮሮኒውን ስንዴ በኢትዮጵያ ማሳ ላይ ያገኘው የጣልያን ካሚዮን ሊማሊሞን ከመውጣቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። ገበሬው ስንዴውን ለፓስታ አላዋለውም፤ ዳቦ ደፋበት፣ ቂጣ ጋገረበት፣ ቆላው፣ ቀቀለው። ከሁሉ ይልቅ ግን ቅንጬ አደረገው። ስንዴው ወይም ገብሱ ተፈትጎ ይሸረከታል፣ በውኃ ይበስላል፣ ንጥር ቅቤ ይደረግበትና ለልጅም ለአራስም ይቀርባል። ለስላሳ፣ ትኩስ፣ በቅቤ የወዛ፣ በማንኪያ የሚበላ የእህል ምግብ። መኮሮኒ ወደ ኢትዮጵያዊቷ እናት ማእድ ቤት ሲገባ የገባው ወደ ባዶ ቦታ አልነበረም። የገባው በቅንጬው ድስት ነው።

አይብና ፎርማጆ

አይቡም እንዲሁ የቆየ ነው። ወተቱ ተጠራቅሞ ይረጋል፤ እርጎው በቅል ይናጣል፤ ቅቤው ተንሳፎ ይወጣል። የቀረው አሬራ በለዘበ እሳት ላይ ሳይፈላ ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ከአንድ ወተት ቅቤም፣ አይብም፣ አጓትም ይገኛል፤ የሚጣል ነገር የለም። ይህን ሥራ ሴቶች ከእናት ወደ ልጅ ሲያወርሱት የኖሩ ሲሆን፣ ላሚቱ ካለች ገበታው አለ ማለት ነው።

ላሚቱ የጠፋችበት ዘመንም ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ለጣልያን ጦር ከመጡ ከብቶች የተነሣው፣ ገበሬው «ደስታ» የሚለው የከብት በሽታ አገሩን አዳርሶ በሬውንም ላሙንም ፈጀ። ከዚያ የተከተለው ክፉ ቀን በታሪክ የታወቀ ነው። እንግዲህ የሕዝቡን አይብ ከገበታ ያጠፋው ነገር መኮሮኒው ከመምጣቱ ወደ ሃምሳ ዓመት አስቀድሞ በዚያው በባሕሩ በር ገብቷል።

የጣልያን ፎርማጆና የደጋው አይብ በባሕርይ ይለያያሉ። ፎርማጆ ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ የሚረጋ በመሆኑ እሳት ሲነካው ይቀልጣል፣ ይለጠጣል። አይብ ግን በኮምጣጣነትና በሙቀት የረጋ ስለሆነ ቢሞቅም አይቀልጥም፤ ፍርፍር እንዳለ ይቆያል። ይህ ጉድለት አይደለም። ባሕርዩን ያወቀች ሴት አይቡን አታቀልጠውም፤ በወተትና በቅቤ ታለዝበዋለች።

ሌላም ልዩነት አለ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ሕዝብ ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን አጽዋማት የሚጾም ስለሆነ ወተት፣ ቅቤና አይብ ከገበታ የሚርቁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በእነዚያ ቀናት መኮሮኒ በዘይትና በቲማቲም ይሠራል። ከጣልያን የመጣ ምግብ የጾምና የፍስክ ሥርዓት ተበጅቶለት፣ በትንሣኤ ማግሥት አይብ የሚናፈቅበት ሆኖ መገኘቱ ብቻውን፣ ምግቡ ምን ያህል የሀገሩ እንደሆነ ያስረዳል።

መኮሮኒን ከአይብ ጋር መብላት የአንድ ሕዝብ ብቻ ፈጠራ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1390 ገደማ በእንግሊዝ ንጉሥ በዳግማዊ ሪቻርድ ቤት በተዘጋጀው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ሊጥ ተዳምጦ፣ ተቆራርጦ፣ ተቀቅሎ በአይብና በቅቤ ሲነባበር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1769 እንግሊዛዊቷ ኤልሳቤጥ ራፋልድ መኮሮኒን በወተት ተዋጽኦ መረቅና በአይብ መሥራትን በመጽሐፏ አሳተመች። እ.ኤ.አ. በ1937፣ የጣልያን ጦር ጎንደርን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ በአሜሪካ ክራፍት የተባለው ኩባንያ ለአራት ሰው የሚበቃ መኮሮኒና አይብ በካርቶን አሽጎ በ19 ሳንቲም ይሸጥ ጀመር፤ በኢኮኖሚ ድቀት የተመታው ሠራተኛ ሕዝብም ተሻማበት። ከንጉሥ ገበታ ተነሥቶ በድኻ ቤተሰብ ገበታ ላይ ያረፈ ምግብ ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን አይብ ጨመረበት እንጂ የሌላውን አልጠበቀም።

የድስቱ ሥራ

በደባርቅ ከፍታ የሚሠራ መኮሮኒ የራሱ ሕግ አለው። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በደባርቅ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚህም የተነሣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ በስሜን አይበቃም፤ ውኃው ቢንተከተክም ትኩሳቱ ያነሰ ነውና መኮሮኒው ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለታል። የስሜን እናት ይህን ከፊዚክስ መጽሐፍ አልተማረችውም። አንዱን አውጥታ በጥርሷ ትፈትነዋለች።

ለስድስት ሰው ቤተሰብ ግማሽ ኪሎ መኮሮኒ ይበቃል። አምስት ሊትር ያህል ውኃ ጨው ተደርጎበት በኃይል ሲፈላ መኮሮኒው ይጨመርና እንዳይያያዝ ይማሰላል። በስሎ ልቡ ጥቂት ጠንከር እንዳለ ይጠለላል። በሌላ ድስት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይቀልጥና ሁለት ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ይጨመርበታል፤ ሽታው እስኪለወጥ በለዘበ እሳት ይታመሳል። ሦስት ብርጭቆ ወተት በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ሳያቋርጡ ሲያማስሉት እንዳይጓጉል ሆኖ ይወፍራል። ከዚያ ድስቱ ከእሳት ወርዶ፣ በማንኪያ ጀርባ የደቀቀ ሁለት ብርጭቆ አይብ ይገባበታል፤ ጨው ይስተካከላል። መኮሮኒው ተጨምሮ ሲገላበጥ አይቡ በየቀዳዳው ይገባል። ቃሪያ የሚወድ ይጨምርበታል፤ ለልጆች ግን እንዲሁ ይሻላል። ፎርማጆ የተገኘ እንደሆነ ተፈቅፍቆ ከላይ ይነሰነሳል፤ ካልተገኘም ምግቡ አይጎድልበትም።

ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው። ቀላልነቱ ግን ከኋላው ያለውን ረጅም ድካም ሊሸፍን አይገባም፤ የገበሬውን እርሻ፣ የእረኛውን ጥበቃ፣ ሌሊት ተነሥታ ወተት የምትንጠውን ሴት።

የጎደለው

የታሪኩ መራራ ክፍል እዚህ ላይ ነው። የዱረም ስንዴ የብዝኀነት ማእከል ከሆኑት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ፣ ለዱቄትና ለፓስታ ፋብሪካዎቿ ለብዙ ዓመታት ከባሕር ማዶ ስንዴ ስታስገባ ቆይታለች። በሌላ በኩል፣ ምርታቸው ከፍ ያለ የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች ሲስፋፉ የአገሬው ጠንካራ ስንዴ ከብዙ ማሳ ላይ ተገፍቷል። ገበሬው ልጆቹን ለማብላት ብዙ የሚያፈራውን ዘር ቢመርጥ ሊወቀስ አይገባውም። ያረጀ ተብሎ የተተወው ዘር ግን አንዴ ከጠፋ በገንዘብ አይገዛም።

ይህ አደጋ የታያቸው ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማከማቻ ተቋቋመ። ማእከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት በተገደደበት ዘመን፣ የአገሬው ዘር ተሰብስቦ እንዲቀመጥና ተመልሶ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲዘራ ደከሙ። ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የቫቪሎቭ ሕልም በኢትዮጵያውያን እጅ የተቀጠለው እንዲህ ነው።

ጃናሞራም ይህን ጉዳይ በሩቁ የምትሰማ አገር አይደለችም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በወረዳው የደረሰው ድርቅ ሰብሉን አክስሎ፣ ከብቱን ጨርሶ ብዙ ቤተሰብ የእርዳታ እህል ጠባቂ አድርጓል። በዚያን ጊዜ አይብም ቅቤም ከገበታው ጠፋ። ወልከፊት ላይ የተከበበው ጦር የደረሰበት ችግር ምግቡን ከሩቅ በሚመጣ ካሚዮን ላይ መመሥረቱ ነበር። አርበኛውን ያጸናው ደግሞ እህሉ ከእግሩ ሥር መብቀሉ ነው። ያ ትምህርት በጦርነት ብቻ የሚሠራ አይደለም።

በመሆኑም በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ የመኮሮኒ ድስት ዙሪያ የተሰበሰቡ ልጆች «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ሲጠይቁ ሙሉው መልስ ሊነገራቸው ይገባል። ቅርጹ በወራሪ ካሚዮን በሊማሊሞ በኩል መጣ፤ ወራሪው በዚያው በሊማሊሞ አናት ተርቦ እጁን ሰጠ። ስንዴው ግን አያቶቻቸው ያረሱት፣ አይቡም አያቶቻቸው የናጡት ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ነገ ገበሬ ቢሆን ጥቁሩን ስንዴ ከማሳው ዳር ከመጣሉ በፊት ያስብበታል፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ቢሆን የአገሩ ስንዴ ፓስታ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። እናትም አይቧን በመኮሮኒው ላይ ስትጨምር የሰውን ምግብ እንደምትኮርጅ ሳይሆን የቅንጬውን ድስት እንደምታስቀጥል ታውቃለች።